ስኪምን ያባረርኩት እኔ ነኝ

ሜኮንግ ወንዝ ዳር ባለችው በኛ ወረዳ አስተማሪ ሆኖ ፈልሳፊ ያልሆነ የለም። መጋቢት በገባ ቁጥር እያንዳንዳችን አንድ አንድ «የተሞክሮ ጽሑፍ» ማቅረብ አለብን፤ ማስተማርን የሚያሻሽል፣ ከዚህ በፊት ማንም ያላሰበው፣ ከአስራ አምስት ገጽ ያላነሰ። ጽሑፍ ያላቀረበ «አርአያ መምህር» አይባልም፤ አርአያ ያልተባለ ደግሞ ዝውውር ቢጠይቅ፣ እድገት ቢጠይቅ፣ የለቅሶ ፈቃድ እንኳ ቢጠይቅ ፊት ይነሱታል። ስለዚህ እንፈለስፋለን። የኛ ትምህርት ቤት ብቻ በዓመት ስልሳ አራት ግኝት ያወጣል። ይህ ሁሉ ግኝት እያለ ልጆቹ ለምን እንደ ድሯቸው እንደሆኑ የሚጠይቅ ሰው ካጋጠማችሁ፣ ገና የተቀጠረ ነው ማለት ነው።

እኔ ቱዬት እባላለሁ፤ የእንግሊዝኛ ትምህርት ክፍል ተጠሪ ነኝ። ከስሬ አስራ አንድ ፈልሳፊዎች አሉ። የኔ ድርሻ ጽሑፋቸውን ተቀብሎ፣ የመጨረሻው ገጽ ላይ «አንብቤ አጽድቄአለሁ» በሚለው ስር መፈረም ነው። ፊርማዬ ያምራል። የፊደሉ መጠን አስራ አራት መሆኑን አያለሁ፣ የግራው ህዳግ ሦስት ሴንቲሜትር መሆኑን በማስመሪያ እለካለሁ፣ «ከትግበራው በፊት» እና «ከትግበራው በኋላ» የሚል ሠንጠረዥ መኖሩን አረጋግጣለሁ፣ እፈርማለሁ። አንዱ ጽሑፍ አራት ደቂቃ ይፈጅብኛል፤ ማስመሪያው ከጠፋ አምስት።

ይህን አሠራሬን ከሥራዬ ነው የተማርኩት። ለልጆቹ ንባብ ስናስተምር ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት አሉ፤ ስኪም እና ስካን። ሁለቱም ጥድፊያ ናቸው፣ ሁለቱም እያንዳንዷን ቃል አይለቅሙም፤ ስለዚህ ልጆቹ ያምታቷቸዋል። ስኪም ጠዋት ድልድዩ ላይ ቆሞ የጀልባውን ገበያ ማየት ነው። ጀልባዎቹ የሚሸጡትን ረጅም ቀርከሃ ላይ ሰቅለዋል፤ አንዴ ቃኘት ታደርጉና ዛሬ ሐብሐብ ረክሷል፣ ዱባ ጠፍቷል፣ ሻጮቹም ተኳርፈዋል ብላችሁ ትሄዳላችሁ። የአንዱንም ጀልባ ዋጋ አታውቁም፤ ገበያው ምን እንደሚመስል ግን ታውቃላችሁ። ስካን ደግሞ ከፓጎዳው፣ ከቡድሃ ቤተ መቅደሱ፣ ስትወጡ በር ላይ ከተከመረው ሁለት መቶ ጫማ መሃል የራሳችሁን ነጠላ ጫማ መፈለግ ነው። ታገኙታላችሁ። አጠገቡ ያለው ጫማ ቀይ ይሁን ጥቁር፣ የሽማግሌ ይሁን የሙሽራ ብትጠየቁ ግን አታውቁም፤ ለማወቅም አልጎነበሳችሁም።

ከዘጠኝ ዓመት በፊት እኔም ተራዬ ደርሶ ፈለሰፍኩ። የመልቀቂያ ፈተናው አርባ ጥያቄ አለው፤ አርባውም በስካን ይመለሳል። ጥያቄው ውስጥ ያለውን ቁጥር ወይም ስም ትይዛለህ፣ ጣትህን ምንባቡ ላይ ታወርዳለህ፣ ስታገኘው ትቆማለህ፣ መስመሩን ትገለብጣለህ። ታዲያ ስኪም ምን ያደርግልናል? ጊዜ ይበላል እንጂ። «ስኪምን በማስቀረት ውጤትን ማሳደግ» ብዬ አስራ ስምንት ገጽ ጻፍኩ። በሠንጠረዡ ላይ ከአርባ ሦስት በመቶ ተነስተን ሰማንያ ስምንት ደረስን። ቁጥሮቹን ያገኘኋቸው ኩሽና ቁጭ ብዬ የዓሣ ቅርፊት ስፍቅ ነው፤ አርባ ሦስት የሚያሳዝን መሰለኝ፣ ሰማንያ ስምንት ደግሞ ስግብግብ አያስመስልም አልኩ። አንደኛ ደረጃ ተሰጠኝ። ወረዳው «ተሞክሮው ይስፋ» ብሎ በየትምህርት ቤቱ በተነው። ጉድ የሚባለው ከዚያ በኋላ የመጣው ነው፤ የልጆቹ ውጤት እውነትም ወጣ። ሰርተፍኬቱ በወርቃማ ፍሬም ከቴሌቪዥናችን በላይ ተሰቀለ።

ልጄ ዬን ያደገችው እዚያ ሰርተፍኬት ስር ነው። አሁን ዘጠነኛ ክፍል ናት፤ በእንግሊዝኛ ከአስር ዘጠኝ ተኩል በታች አምጥታ አታውቅም። ሰኔ ላይ ለክፍለ ሀገሩ የልዩ ተሰጥኦ ትምህርት ቤት ትፈተናለች። ስድስት መቶ ልጅ ይቀመጣል፣ ሠላሳ አምስት ይገባል። እኔም በአስራ አምስት ዓመቴ እዚያው በር ላይ በግማሽ ነጥብ ነው የተመለስኩት፤ እናቴ ያን ቀን ምሳ አልበላችም። ስለዚህ ከዬን በላይ እኔ ነበርኩ ያንን ትምህርት ቤት የምፈልገው፤ ይህን ለመደበቅ ሞክሬም አላውቅም። ፈተናው የመጨረሻ ክፍሉ ላይ አንድ ምንባብ አለው፤ ከስሩ ምንም ጥያቄ የለም፣ ባዶ መስመር ብቻ። «ምን እንደሚል በራስህ ቃል ጻፍ» ይላል። ከጠቅላላው ነጥብ ሩቡ እዚያ ላይ ነው። ለዘጠኝ ተኩል ልጅ ይህ ሽርሽር ነው ብዬ አልተጨነቅኩም።

የዬን የእንግሊዝኛ አስተማሪ ኹዌ ትባላለች። ከኔ በዘጠኝ ዓመት ታንሳለች፣ ከታች ከባሕሩ ዳር ነው የመጣችው፣ አምስት ዓመት አብረን ሠርተናል፤ እንደ ታናሽ እህቴ ነበር የማያት። በየዓመቱ እንደማንኛውም ጤነኛ ሰው የሌላ ወረዳ ጽሑፍ ገልብጣ ታመጣ ነበር። ዘንድሮ ግን በእሑድ ቀን ቤቴ ድረስ መጣች፤ በአንድ እጇ ጥሬ ማንጎ፣ በሌላው አስራ ሰባት ገጽ።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ላስቸግርሽ።»

«ሠንጠረዥ አለው?»

«ምኑ?»

«ጽሑፉ ነዋ! አምና ያለ ሠንጠረዥ አምጥተሽ ቁጥር ስፈለስፍልሽ ያደርኩት እኔ አይደለሁም እንዴ?»

«አለው፣ እትዬ። ግን እንድታነቢው ነው የመጣሁት።»

«ታዲያ ሥራዬ ምን ሆነና! አነበዋለሁ።»

«አይ፣ ማለቴ… ቁጭ ብለሽ። በተለይ ገጽ አስራ አንድን።»

«ገጽ አስራ አንድ ላይ ምን አለ፣ ዘንዶ?»

አልሳቀችም። ማንጎውን ላጥኩ፣ በጨውና በርበሬ አቀረብኩላት፤ አንዱን ቁራጭ አንስታ መልሳ አስቀመጠችው። «ዬን የለችም?» አለች።

«ማጠናከሪያ ናት። እሑድ ሁለት ቦታ ነው የምትማረው።»

«ደክሟት ይሆናል» አለች ኹዌ። «እትዬ፣ አንዳንድ ነገር በአፍ እምቢ ይላል። ስለዚህ ነው የጻፍኩት።»

ወጣት ስለሆነች ነው አልኩ በሆዴ፤ ወጣት ሁሉ አንድ ጊዜ ደራሲ ልሁን ይላል። እንደሄደች ማስመሪያዬን አወጣሁ። ህዳጉ ሦስት ሴንቲሜትር። ፊደሉ አስራ አራት። ገጽ ዘጠኝ ላይ ሠንጠረዥ፤ በአንዱ ሳጥን ዘጠና አንድ በመቶ፣ በሌላው አስራ ሰባት በመቶ፣ ከስሩ «ልዩነት፦ ሰባ አራት»። ሰባ አራት! የኔ እንኳ አርባ አምስት ነበር። ትንሽ ቅናት ቢጤ ሸነቆጠኝ። ከዚያ ስለለመነችኝ ገጽ አስራ አንድንም ከፈትኩት። ቁጥር የለበትም፤ ከላይ እስከ ታች ወሬ ነው። ዘጋሁት፣ ፈረምኩ፣ የቀረውን ማንጎ በላሁ።

በሳምንቱ ሰባት ሆነን የገምጋሚ ኮሚቴ ተሰበሰብን፤ ሰብሳቢው ርዕሰ መምህራችን ንጊየም ናቸው። ጠረጴዛው ላይ ስልሳ አራት ጽሑፍ፣ አንድ ጀግ በረዶ የገባበት ሻይ፣ አንድ ሳህን የሱፍ ፍሬ። ከምሳ በኋላ ጀምረን አስር ሰዓት ሳይሞላ ጨረስን፤ ሱፉም እኛም አንድ ላይ አለቅን።

የታሪክ መምህሩ ጽሑፍ ላይ ብቻ ትንሽ ቆመናል። «ተማሪዎቻችን በጭጋግ የተሸፈነውን ተራራ በእግር አቋርጠው ስለሚመጡ» ይላል መግቢያው። ወረዳችን ሜኮንግ ያነጠፈው ሜዳ ነው፤ ከድልድዩ የሚበልጥ ከፍታ የለንም።

«ተራራ አለን እንዴ?» አሉ መምህር ንጊየም።

«የሰሜኖቹን ገልብጦ ነው» አልኩ። «ወረዳውን ቀየረ፣ ተራራውን ረሳው።»

«ህዳጉስ?»

«ህዳጉ ልክ ነው።»

«እንግዲህ ለአንድ ተራራ ሰውን አንጥልም። ሁለተኛ ደረጃ።»

የኹዌ ጽሑፍ ሲደርስ ርዕሰ መምህሩ ጣታቸውን አወረዱ፣ ገጽ ዘጠኝ ላይ ቆሙ፣ መነጽራቸውን አወለቁ። «ሰባ አራት!» አሉ። «እህት ቱዬት፣ ይህን አይተሽዋል? ሰባ አራት ነጥብ!»

«አንብቤዋለሁ» አልኩ አፌን ሞልቼ።

«ምን ይላል በአጭሩ?»

«ስለ ስኪም እና ስካን ነው። ልዩነታቸውን… በጥልቀት ያነጻጽራል።» ርዕሱ እንደዚያ ይላል፤ ርዕሱን አንብቤ ነበር።

አንደኛ ደረጃ ሰጠናት። ግንቦት ላይ በወረዳው ጉባኤ ሙሉውን ድምጿን ከፍ አድርጋ እንድታነብ ተወሰነ። አጨበጨብን፤ ሰባት ሰው ሲያጨበጭብ ያን ያህል አያምርም፣ ግን አጨበጨብን።

በማግስቱ ኹዌ ኮሪደሩ ላይ ጠበቀችኝ። «እትዬ፣ አነበብሽው?»

«እንዴ! ፊርማዬን አላየሽም?»

«ገጽ አስራ አንድንም?»

«በጣም ቆንጆ ነው።»

ቆማ አየችኝ። እንደዚያ አድርጎ ሰው አይቶኝ አያውቅም። «ጠንካራ ሰው ነሽ» አለች በመጨረሻ። «እኔ ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ትጣላኛለች ብዬ።»

«በምን እጣላሻለሁ፣ አንቺ ልጅ? በሰባ አራት ነጥብ?»

«ታዲያ ከዬን ጋር ጀመራችሁ? መጨረሻ ላይ የጻፍኩትን ልምምድ?»

«ዬን ልምምድ ምን ያደርግላታል! ዘጠኝ ተኩል ናት እኮ።»

ፊቷ ጥቁር አለ። ደብተሮቿን ደረቷ ላይ አቅፋ ሄደች፤ ከዚያ ወዲህ በእሑድ ማንጎ ይዛ አልመጣችም። አንደኛ ደረጃ አናቷ ላይ ወጥቶባት ነው አልኩ። ለሁለት ወር እንዲሁ ሆንን፤ ስንገናኝ ሰላምታ፣ ከሰላምታ ያለፈ ነገር የለም። ጉባኤው ሁለት ቀን ሲቀረው ብቻ ክፍሌ ድረስ መጣች።

«እትዬ፣ ገጽ አስራ አንድን ብዘለው አይሻልም? ሰው ፊት ነው።»

«ምን ሲደረግ!» አልኳት። «ሙሉውን አንብቢ። ትምህርት ቤታችንን አኩሪ እንጂ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ተጠሪሽ ነኝ እኮ፤ አዝዤሻለሁ።»

የወረዳው አዳራሽ ሦስት መቶ አስተማሪ ይይዛል። ሴቶቹ አኦ ዛይ የሚባለውን ረጅም የክብር ቀሚሳችንን ለብሰን፣ ወንዶቹ ሸሚዛቸውን በሱሪያቸው ከተው፣ ሁላችንም ላብ በላብ ሆነን ተቀመጥን። ኹዌ ወደ ማይክሮፎኑ ወጥታ ማንበብ ስትጀምር ሦስት መቶ ስልክ ከሦስት መቶ ቦርሳ ወጣ። አጠገቤ ያለችው የባዮሎጂ መምህርት የእንቁላል መያዣ ፕላስቲክ ዋጋ ታነጻጽር ነበር። እኔ ከፊት ረድፍ ነበርኩ፤ ከፊት ረድፍ ስልክ ስለማይወጣ ጭንቅላቴን እየነቀነቅኩ ስለ እራት አስብ ነበር። እንዴት እንዳዳመጥኩ አላውቅም። ምናልባት ጣቴን የማወርድበት ወረቀት ስላልነበረ ይሆናል።

«በክፍሌ አርባ ሁለት ተማሪዎች አሉ» ትላለች ኹዌ። «ምንባቡን ከነጥያቄው ስሰጣቸው ዘጠና አንድ በመቶ ያህሉን በትክክል መለሱ። ያንኑ ምንባብ ጥያቄውን ሸፍኜ ስለ ምን እንደሆነ እንዲነግሩኝ ስጠይቅ፣ ሊነግሩኝ የቻሉት አስራ ሰባት በመቶ ብቻ ናቸው። ለአምስት ዓመት የፈለጉትን እንዲያገኙ አስተማርኳቸው፤ እንዲያነቡ ግን አላስተማርኳቸውም።»

ሰባ አራት ነጥብ ማለት ይህ ነበር። ወደ ርዕሰ መምህሩ ዞር አልኩ። ፈገግ ብለው ጣሪያውን ያያሉ።

«ተማሪ ‹ዬ› ሁልጊዜ ዘጠኝ ተኩል ታመጣለች» አለች ኹዌ። «እናቷም የዚሁ ትምህርት መምህርት ናት። አንድ ቀን ስለ አንድ ሽማግሌ ምንባብ ሰጠኋት። ሰውየው አርባ ዓመት ሰው ሲያሻግር ኖሮ፣ ድልድይ ሲሠራ ጀልባው ባዶ ይቀራል። አስሩንም ጥያቄ መለሰች። ከዚያ ወረቀቱን ገልብጬ ‹ሽማግሌው ምን ሆነ?› አልኳት። ‹ስንተኛው መስመር ላይ ነው?› አለችኝ። መስመር እንደሌለው፣ እንዲሁ እንድትነግረኝ ነገርኳት። ‹ሰባ አንድ ዓመቱ ነው› አለችና አለቀሰች። ይህች ልጅ ሰነፍ አይደለችም። ምን እንዳነበበች ማንም ጠይቋት አያውቅም፤ እኔም ጭምር።»

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ልጄ አስተማሪዋ ፊት አልቅሳ ቤት ስትገባ እኔ «ስንት አመጣሽ?» ብያት ይሆናል፤ እሷም «አስር» ብላኝ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ኹዌ ያነበበችውን አልሰማሁም። ጭብጨባ ሰማሁ። ሦስት መቶ ሰው ስልኩን ጭኑ ላይ አስቀምጦ አጨበጨበ። የወረዳው ኃላፊ ማይክሮፎኑን ተቀብለው «የሰባ አራት ነጥብ ለውጥ ቀልድ አይደለም! ተሞክሮው በመላው ወረዳ ይስፋ!» አሉ። መምህር ንጊየም ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ኮራን፣ እህት ቱዬት» አሉኝ።

«የሚሰፋው የትኛው ነው?» አልኳቸው።

«ያው ጽሑፉ ላይ ያለው ነዋ» አሉ።

ኹዌን ከአዳራሹ ውጭ፣ ሞተር ሳይክሎቹ የቆሙበት ጋ ደረስኩባት። ሰው ይዤ የማላውቀውን ያህል ክንዷን ጨምድጄ ያዝኩት።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

መጀመሪያ አልገባትም። ከዚያ ገባት፤ ሲገባት ፊቷ ላይ አየሁት፣ እሷም ክንዷን አላስለቀቀችም። «አላነበብሽውም» አለች።

«ለምን በአፍሽ አልነገርሽኝም ነው የምልሽ!»

«ነገርኩሽ እኮ፣ እትዬ። አስራ ሰባት ገጽ ሙሉ ነገርኩሽ። ፈርመሽ መለስሽልኝ።» እንባዋ መጣ። «አንቺ ‹በጣም ቆንጆ ነው› ስትዪኝ፣ እኔ ደግሞ ለልጇ ግድ የላትም ብዬ ሁለት ወር ስጠላሽ ከረምኩ።»

ጽሑፉን ከእጇ ተቀበልኩና ሞተሬን አስነስቼ ወጣሁ። መንገዱን ሁሉ ቀን ስቆጥር ሄድኩ፤ ለፈተናው አስራ ዘጠኝ ቀን ይቀረዋል፣ በአስራ ዘጠኝ ቀን ዘጠኝ ዓመት ይመለሳል ወይ እያልኩ። የዘጠኙን ዓመት መሐንዲስ ፊት ለፊት አግኝቼ መሳደብ በጣም አማረኝ። የሞተሩ መስታወት ውስጥ ነበረች።

ቤት ስገባ ዬን የሙከራ ፈተና እየሠራች ነበር። ሰዓት ቆጣሪ አጠገቧ አስቀምጣለች፤ ጣቷ ምንባቡ ላይ እንደ ልብስ ስፌት መኪና ይወርዳል። ሰዓት ቆጣሪውን አጠፋሁት።

«እንዴ እማ! ስድስት ደቂቃ ነበረኝ እኮ።»

«ተይውና ይቺን አንብቢልኝ።» ገጽ አስራ አንድን ፊቷ አኖርኩ። ከጽሑፉ ይልቅ እሷን ነበር የማየው።

ወረቀቱን ገለበጠች፤ ጀርባውን አየች። «ጥያቄው የታለ?»

«ጥያቄ የለውም።»

«ታዲያ ምኑን ነው የማነበው?»

የራሴ ትምህርት ነው፤ ቃል በቃል የራሴ። ይህን ጥያቄ እንድትጠይቅ ያደረግኳት ዘጠኝ ዓመት ደክሜ ነው። ልትጀምር ጣቷን ስታነሳ እጇን ያዝኩት።

«ያለ ጣት» አልኳት።

ረጅም ጊዜ ወሰደባት። ከንፈሯ እንደ አንደኛ ክፍል ልጅ ይንቀሳቀሳል። ሁለት ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ፤ «ይሄ ፈተና ላይ ይወጣል?» ልትለኝ እንደፈለገች አወቅኩ፤ አላለችም። መጨረሻው ላይ ደረሰች፣ ተመልሳ ወደ መሃል ሄደች፣ እንደገና ወረደች።

«ስለ አንዲት ልጅ ነው» አለች በቀስታ። «ጥያቄ ሲሆን ሁሉን ትመልሳለች። ግን ያነበበችው ነገር… እሷ ጋ አይደርስም። ማንም ደግሞ ምን እንዳነበበች ጠይቋት አያውቅም።» ወደ እኔ ዞረች። «ልክ ነኝ?»

«ልክ ነሽ።»

ወረቀቱን እንደገና አየች፤ ጆሮዋ ሲቀላ አየሁ። «ሽማግሌው… ጀልባው…» አለች። «እማ፣ ይቺ ልጅ እኔ ነኝ አይደል?»

«አንቺ ነሽ።»

«እናቷ አስተማሪ ናት ይላል። አንቺ ነሻ?»

«እኔ ነኝ።»

«ስለ አንቺስ ምን ይላል? የት ጋ ነው ያለው?» ጣቷ ወዲያው ተነሳ።

«የት ጋ እንደሆነ አላውቅም» አልኳት። «ከገጽ አንድ እንጀምር።» ወንበሬን ሳብ አድርጌ አጠገቧ ተቀመጥኩ። እኔም ገና አላነበብኩትም ነበር።